ከጉልበት ኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ሜዳ መቼ?

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ጉልበት ንገሪያቸው ተብዬ ነው የተነሳሁት። ከቡናው በኋላም ልቀጥል እችላለሁ፣ ታገሱኝ።

ነገሩን ያመጣው የመስከረም አንዱ ጨዋታ ነው። ከቡድናችን ሁለት ልጆች ጉልበታቸውን ተሠርተዋል፤ አንዷ በጥር፣ አንዷ በመጋቢት። የጥሯ ባለፈው እሁድ ያዘችኝና፣ «ስድስት ወር ሞላኝ፤ አያመኝም፤ ደረጃ እወጣለሁ፤ ቤት ሙሉ እወለውላለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ?» አለችኝ። አንዳንዶቻችሁም «እውነቷን ነው፣ ትጫወት እንጂ» ስትሉ ሰምቻለሁ። አጥቂ ስለጠፋ ነው መሰለኝ። እኔ ደሞ በመስከረም አትጫወትም ባይ ነኝ። ግን ዝም ብሎ «ተጠንቀቂ» ማለት ማንንም አያሳምንም፣ ስለዚህ ምክንያቴን ልዘርዝር።

ሐኪም አይደለሁም። ጉልበቴን ከተሠራሁ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኛል፣ ወደ ሜዳ የተመለስኩት በአሥራ አንደኛው ወር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙንም ፊዚዮቴራፒስቷንም ስጠይቅ ነበር የከረምኩት፣ የነገሩኝንም ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ማዳሜ «ዶክተር ልትሆኚ ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ደብተሩ ይኸው።

ጉልበታችን ውስጥ የታፋ አጥንትንና የቅልጥም አጥንትን ይዘው የሚያቆሙ አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉ። ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን ናቸው። ሁለቱ ደግሞ መሐል ላይ እንደ መስቀል ተላልፈው የተቀመጡ ናቸው። የእኛን ልጆችም የእኔንም ያሳከመን ከእነዚህ ከመስቀለኞቹ የፊተኛው ነው። ሥራው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ስንዞር ጉልበቱ እንዳይከዳን መያዝ ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ብዙም አትፈልጉትም። የምትፈልጉት ሮጣችሁ ድንገት ስትቆሙ፣ ስትታጠፉ፣ ዘላችሁ በአንድ እግር ስታርፉ ነው። ለዚህ ነው ጅማቱ ገና ሳይጠነክር ደረጃ መውጣትም ቤት መወልወልም የሚቻለው። እህታችን ደረጃ መውጣቷ ደስ ይላል፤ ስለዚያ ጅማት ግን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

የእኔ ሲበጠስ ማንም አልነካኝም። በጭንቅላት ልመታ ዘልዬ ወረድኩ፣ ወደ ግራ ልዞር ስል ከውስጥ «ቧ» የሚል ነገር ሰማሁ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። ማታውን ጉልበቴ ተነፋ። አብዛኛው እንዲሁ ነው የሚበጠሰው፣ ሰው ሳይነካ። ኳስ ብቻም አይደለም፤ መስኮት ስታጸዳ ከመሰላል ላይ ወርዳ፣ እግሯ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ዞሮባት ይሄንኑ ጅማት ልትበጥስ የምትችል አለች። ስለዚህ እሁድ መውጣት የማትችሉ፣ ይሄን በስልካችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ እህቶችም፣ ስለ ኳስ ነው ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኦፕራሲዮን ሲሠሩን የተበጠሰውን ጅማት መልሰው አይሰፉትም፣ በአብዛኛው። ከራሳችን ሌላ ቦታ ጅማት ይወስዳሉ፤ ከጭን ጀርባ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ወይም በላይ። የእኔን ከጭን ጀርባ ነው የወሰዱት። አጥንቱን በስተው አዲሱን ጅማት ያስገቡና በብሎን ወይም በቁልፍ ነገር ያስሩታል። የቡና ችግኝ ነቅሎ ሌላ ቦታ የተከለ ሰው ያለባት ልጅ ወዲያው ይገባታል። ችግኙ የተተከለ ዕለት ቆሞ ይታያል። ከዚያ ይጠወልጋል። ሥር ይዞ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ጎትታችሁ ብታዩት ይነቀላል። ጅማቱም እንደዚያ ነው። ሲገባ የደም ሥሩ ተቆርጦ ነው የሚገባው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደክማል፣ ከዚያ አዲስ የደም ሥር ይገባበታል፣ ከአጥንቱ ጋር ይያያዛል፣ ቀስ እያለ ጅማት ወደ መሆን ይለወጣል። ይሄ ሁሉ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

እና ችግሩ ምንድን ነው መሰላችሁ፣ የእኛ ስሜትና የጅማቱ ጊዜ አብረው አይሄዱም። ቁስሉ በሳምንታት ይድናል። ሕመሙ በሁለት ሦስት ወር ይቀላል። ክራንቹ ይጣላል፣ ማነከሱ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ «ዳንሽ» ይላል። ውስጥ ያለው ችግኝ ገና ሥር እየያዘ ነው፤ እሱ ደሞ ተሳቢ እንጂ ተናጋሪ አይደለም፣ «ቆይ» ብሎ በሕመም አይነግርሽም። «አያመኝም» የሚለው መልስ ለዚህ ነው የማይበቃው።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥር ይዣለሁ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሠሩት። ይሄን ጅማት የተሠሩ 106 ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታተሉ። ወደ ስፖርት ከመመለሳቸው በፊት የጡንቻ ጥንካሬና የዝላይ ፈተና ነበራቸው። ፈተናውን ሳያልፉ ወደ ከባድ ስፖርት ከተመለሱት ከ100 ውስጥ 38ቱ ጉልበታቸው እንደገና ተጎዳ። አልፈው ከተመለሱት ደግሞ ከ100 ስድስት እንኳ አልሞሉም። ሌላው ያገኙት ነገር፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ አንድ ወር በቆዩ ቁጥር አደጋው በግማሽ ያህል እየቀነሰ ሄደ። አንድ ወር መታገሥ ግማሽ አደጋ! እንዲህ ያለ ትርፍ የሚሰጥ እቁብ የለም። በሌላ በኩል፣ ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት ከአራት አንዱ ገደማ፣ ወይ የተሠራውን ወይ ደህነኛውን ጉልበት እንደገና ይበጥሳል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ ከ25 በታች? አዎ።

የአርሰናል ደጋፊ እዚህ ቤት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ2022/23 የውድድር ዓመት የአርሰናል ሴቶች ቡድን አራት ተጫዋቾች ይሄንኑ ጅማት በጠሱ፦ ቤት ሚድ፣ ቪቪያነ ሚደማ፣ ሊያ ዊሊያምሰን፣ ላውራ ቪንሮይተር። ሚድ በኖቬምበር 2022 ተጎድታ የተመለሰችው በኦክቶበር 2023 ነው፣ አሥራ አንድ ወር። ዊሊያምሰን በኤፕሪል 2023 ተጎድታ በጃንዋሪ 2024 ተመለሰች፣ ዘጠኝ ወር። የዓለም ዋንጫ አመለጣቸው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሐኪም አላቸው፣ የራሳቸው ፊዚዮ፣ የራሳቸው ጂም፣ ምግባቸውን መዝኖ የሚሰጣቸው ሰው አለ። የማንንም ቤት አይወለውሉም። እነሱ ዘጠኝ ወርና አሥራ አንድ ወር ከፈጀባቸው እኛ በስምንት ወር የምንሮጠው ምን በልተን ነው?

ሥራውን ካነሳሁ እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም ሐኪሞቹ ስለ እሱ አይነግሯችሁም። የሚሰጧችሁ ወረቀት ላይ «በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ፣ በመሐል እረፍት» ይላል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው እኛ እረፍት ስንል ምን እንደሆነ አያውቅም። እዚህ ቤይሩት መብራት ሲሄድ አሳንሰሩ ይቆማል፤ የስድስተኛ ፎቅ ልጅ ውኃ ተሸክማ በእግሯ ነው የምትወጣው። ቁጢጥ ብሎ ሻወር መፈግፈግ፣ ተንበርክኮ ከአልጋ ሥር መጥረግ፣ ቀኑን ሙሉ በሸበጥ መቆም፣ ይሄ ሁሉ ለጉልበቱ ጭነት ነው። ስድስት ቀን ጭነት ያየ ጉልበት እሁድ ደሞ ሜዳ ሲጠብቀው ትርፉ ማበጥ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ሥራ እንደ ልምምድ ቁጠሩት። መጋረጃ አውርዳችሁ፣ ምንጣፍ አጥባችሁ በዋላችሁበት ቀን ማታ የእግር ልምምድ አትደራርቡ።

ልክ ያለፋችሁ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በማግስቱ ጠዋት። ከአልጋ ሳትወርዱ እግራችሁን ዘርግታችሁ ሁለቱን ጉልበት አስተያዩ። ከዚያ በመዳፍ የጉልበቱን የውስጥ ጎን ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስቴ አበስ አድርጉት። ቀጥሎ የውጭውን ጎን ከላይ ወደ ታች አንዴ አብሱ። በውስጥ በኩል ያለው ጎድጓዳ እንደ ማዕበል ብቅ ካለ ውስጡ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። ፈሳሽ ካለ ትናንት የሠራችሁት በዝቷል፤ ዛሬ ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም። እኔ ይሄን ለወራት በየጠዋቱ አድርጌዋለሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ካበጠው ጋር ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ ባታችሁ አብጦ ከጠነከረና ከቀላ ግን ወደ ሐኪም ነው፣ ዛሬውኑ።

ማዳምን ማስረዳት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ወረቀት ከአፍ ይሻላል። ሐኪሙ በዐረብኛ «እስከዚህ ቀን ድረስ ቁጢጥ አትልም፣ አትንበረከክም፣ ከዚህ ኪሎ በላይ አትሸከምም» ብሎ ቀን ጠቅሶ ማኅተም አድርጎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ቀን ያለው ወረቀት ማዳምንም ያረጋጋታል፣ ማለቂያው ይታያታላ። «አልችልም» ከማለት «በረጅም እጀታ መወልወያ እሠራዋለሁ፣ ታችኛውን በርጩማ ላይ ተቀምጬ አጸዳዋለሁ» ስትሉ ይሻላል። የእኔዋ መወልወያውን ራሷ ገዝታ መጣች። ሁሉም እንደሷ አይደሉም፣ ያም ይታወቃል።

ጂም የለንም ብላችሁ አትተዉት። ክፍሌ ሁለት እርምጃ ነው፣ ፍራሼን አጥፌ እዚያው ነው የሠራሁት። መጀመሪያ የሚመለሰው ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ቀጥ ማድረግ ነው፤ ይሄ ካልመጣ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ቀጥሎ የታፋ የፊት ጡንቻ፦ ግድግዳ ተደግፎ ግማሽ ቁጭ ማለት፣ ከወንበር በአንድ እግር መነሳት። ለጭን ጀርባ፣ በጀርባ ተኝቶ በአንድ እግር ዳሌን ማንሳት። ዕቃ እያጠባችሁ በእግር ጣት መነሳትና መውረድ ትችላላችሁ፣ ማንም አያይባችሁም። ሲቀል የጀርባ ቦርሳ ውስጥ አምስት ኪሎ ሩዝ ጨምሩ፤ ከዚያ ሌላ አምስት። ሩጫ የመጣው በአራተኛው ወር ማለቂያ ነው፣ ማበጡ ጠፍቶ፣ ማነከሱ ጠፍቶ፣ ፊዚዮዋ ፈቅዳልኝ፤ ኮርኒሹ ላይ፣ ቀጥ ባለው ላይ፣ አንድ ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ከዚያ ዝላይ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በአንድ፣ ከዚያ መታጠፍ፣ ከዚያ ብቻ ኳስ። አንዱን ደረጃ ያለፈ ሰው ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው፤ ወሩ ስለደረሰ ብቻ አይደለም።

አሁን ፈተናው። የእኔ ፊዚዮ በአንድ እግር ከወንበር 22 ጊዜ እንድነሳ ነበር የጠየቀችኝ፣ በሁለቱም እግር። ሳቅሁ መጀመሪያ። ሞክሩት፣ ደህና ጉልበት ያላችሁም። ከዚያ ዝላይ፦ በአንድ እግር ቆሞ፣ ወደ ፊት ዘልሎ፣ በዚያው እግር ማረፍና ሳይንገዳገዱ መቆም። በጠመኔ ምልክት አድርጎ በሜትር መለካት ነው። ደህነኛው እግር 120 ሴንቲ ሜትር ከዘለለ፣ የተሠራው ቢያንስ 108 መዝለል አለበት፤ 90 በመቶ ማለት ይሄ ነው። አንድ ዝላይ፣ ሦስት ተከታታይ ዝላይ፣ መስመር እያቋረጡ ዝላይ፣ ስድስት ሜትር በአንድ እግር በሰዓት። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊዚዮ ሳታያችሁ ብቻችሁን አትሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደህነኛውም እግር ሥራ ስለፈታ ይደክማል። ሁለት ደካማ እግሮች እኩል ናቸው፤ እኩል መሆናቸው ግን አያኮራም። ስለዚህ ከሚነጻጸረው በላይ ቁጥሩንም ተመልከቱ፣ የታፋችሁንም ዙሪያ በሜትር ለኩ። ዝላይ ደሞ ያታልላል፤ ዳሌና ቁርጭምጭሚት እያገዙ ደካማ ታፋ ሊደበቅ ይችላል። አስተራረፉን ሌላ ሰው በስልክ ይቅረጸው። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ወደቀ? እግሩ መሬት ሲነካ ድምፁ «ጧ» አለ? ከሆነ ቁጥሩ ቢሞላም አልሞላም።

ፍርሃትም ይለካል፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስለ ጉልበቷ እያሰበች የምትጫወት ልጅ እግሯን ግማሽ ልብ ነው የምታሳርፈው። በዘጠነኛው ወር ቁጥሬ ሁሉ ሞልቶ ነበር፣ የምታጠፍ ግን አልመስልሽ አለኝ። ፊዚዮዋ «ሁለት ወር ከሰው ጋር ተለማመጂ፣ ጨዋታ ግን የለም» አለችኝ። እሰይ ብዬ ነው የተቀበልኩት።

ስለ መድኃኒት። ቮልታረን ውጣችሁ፣ ወይ መርፌ ተወግታችሁ ሜዳ አትግቡ። ማደንዘዝ ማለት ያለችንን አንዲት ማስጠንቀቂያ መዝጋት ነው። የጉልበት ማሰሪያም ሙቀትና ድፍረት ይሰጣል፣ ደካማ ጡንቻን አይተካም። አገር ቤት ደውላችሁ ስትነግሩ ደሞ መጀመሪያ የሚሏችሁ «ወጌሻ ጋ ሂጂ» ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ አጎቴ የወለቀ ትከሻው በወጌሻ ተመልሶለታል። የተተከለ ጅማት ግን ታሽቶ የሚመለስበት ቦታ የለውም። በቅቤ የሚያሽ፣ የሚጠመዝዝ፣ «አንድ ጊዜ ቋ ላርግልሽ» የሚል ሰው አጠገቡ አይድረስ።

ወረቀት ጉዳይ። የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ቅጂ ውሰዱ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ጅማቱ ከየት እንደተወሰደ፣ ሜኒስከስ የሚባለው በአጥንቶቹ መሐል ያለው ትራስ ተሰፍቶ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ነው ያለው። የተሰፋላት ልጅ ቁጢጥ ማለት የሚፈቀድላት ዘግይቶ ነው፤ ልምምዷም የተለየ ነው። እኛ ዛሬ እዚህ ነን፣ ነገ ሌላ አገር ወይ አገራችን ልንሆን እንችላለን፤ የሚቀጥለው ሐኪም ያለዚያ ወረቀት ይገምታል። ኢንሹራንሱንም ከመጎዳታችሁ በፊት አስነብቡ። የእኔ «የእሁድ ጨዋታ የሥራ አደጋ አይደለም» ብሎ አልከፈለም፤ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፣ በመዋጮ። ሁለተኛ ጊዜ ቢበጠስ ሁለተኛ መዋጮ ነው፣ ሁለተኛ የሥራ መቋረጥ ነው፣ ኢቃማችን ደሞ ከአሠሪያችን ጋር የታሰረ ነው። አርሰናል ተጫዋቹን በክራንች ይጠብቃል። እኛን የሚጠብቀን ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ የተበጠሰበት ሁሉ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ኳስ ካልተጫወተች፣ ጉልበቷ እየከዳ ካልጣላት፣ በልምምድ ብቻ ደህና የምትኖር ብዙ አለች። ገንዘብ ከመበደራችሁ በፊት ይሄን ጥያቄ ለሐኪሙ አንሱ። ተሠርቶም ወደ ውድድር የማይመለስ ብዙ ነው፤ ብዙ ጥናቶችን የደመረ አንድ ሥራ ወደ ውድድር የተመለሱት ከ100 ውስጥ 55 ናቸው ይላል። ከኳስ ወደ እርምጃ ወይም ወደ ብስክሌት የሄደች እህት አልተሸነፈችም፣ ማንም እንዲያ አይበላት።

ስለ ቡድናችን ልጨርስ። ሴቶች ይሄን ጅማት ከወንዶች ይበልጥ እንበጥሳለን፣ በተለይ በኳስ። ስለዚህ ማሟሟቂያው የተሠሩት ብቻ ሳይሆን የሁላችን ነው። ፊፋ ያወጣው «11 ፕላስ» የሚባል አለ፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ቀስ ያለ ሩጫ፣ ቀጥሎ ጥንካሬ፣ ሚዛንና ዝላይ፣ መጨረሻ ላይ ፈጣን ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ነው የሚባለው፤ እኛ ያለን እሁድ ብቻ ስለሆነ መሐለኛውን ክፍል በሳምንቱ መሐል ክፍላችን ውስጥ እንሠራለን፣ አሥር ደቂቃ። አርፍዳችሁ መጥታችሁ ልብስ ቀይራችሁ በቀጥታ ሜዳ መግባት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ያላሟሟቀች ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቆያለች። አሠልጣኛችን ተስማምታለች።

የጥሯ እህቴ፣ መስከረም አንድ ላይ ስምንት ወር ይሆንሻል፣ ፈተናውንም ገና አልወሰድሽም። ያን ቀን ማሟሟቂያውን የምትመሪው አንቺ ነሽ። በጥቅምት ፊዚዮሽ ጋ አብረን እንሄዳለን፣ ካለፍሽ ከቡድኑ ጋር ትለማመጃለሽ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ጨዋታ። የመጋቢቷ፣ አንቺ ጋ ገና የሩዝ ቦርሳው ነው ያለው። ለሚቀጥለው እሁድ ጠመኔ እኔ አመጣለሁ። የልብስ ስፌት ሜትር ያላት ታምጣ፣ መጀመሪያ የሁለታችሁን ታፋ እንለካና ደብተሩ ላይ እንጽፋለን።